ቅጠል የማይረግፍበት ክፍል

ንድፍ አውጪዋ በሥራዋ የማትደራደርበት አንድ ሕግ ነበራት፤ ደንበኛ የጠወለገ ቅጠል ማየት የለበትም። ለሆቴል ይሁን ለሐኪም ቤት መጠበቂያ፣ ለመሥሪያ ቤት ይሁን ለግለሰብ ሳሎን፣ እሷ ባሰናዳችው ክፍል የሚቀመጥ ተክል የቅጠሉ ጠርዝ ገና ብጫ ማሳየት ሲጀምር ይነሣና መንትያው የሚመስል ሌላ ተክል በዚያው ሸክላ፣ ፊቱን በዚያው አቅጣጫ አዙሮ ይተካል። የሰው መንፈስ የሚረጋው፣ ትል ነበር፣ በዙሪያው ያለው ሕይወት የማያልቅ ሲመስለው ነው፤ አንድ የደረቀ ቅጠል ያየ ዓይን ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ የሚረግፍ ሲፈልግ ይውላል። የተነሡትን ሕሙማን አትጥላቸውም። ከወርክሾፗ ጀርባ፣ ጣሪያው በመስታወት በተከደነ ጎጆ አስገብታ ታስታምማቸዋለች፤ ጎጆውንም «ማገገሚያ» ብላ ሰይማዋለች። የዳነ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ያልዳነ በስብሶ ሌላውን ያበላል። የሚባክን ነገር አልነበረም፤ ይህም ሁለተኛው ሕጓ ነበር።

በዚያ ጠዋት በጆንያ የጠቀለለቻቸውን ተክሎች ታቅፋ በወላጆቿ ቤት የጓሮ በር ስትገባ፣ እናቷ ማድ ቤት ቆማ ታንጎራጉር ነበር። ንድፍ አውጪዋ ደፉ ላይ ቆመች። እናቷ ስታንጎራጉር ሰምታ አታውቅም፤ ያ ቤት ለዜማ የሚተርፍ ጸጥታ ኖሮት አያውቅምና።

«መጣሽ? ቀስ በይ፣ አባትሽ ተኝተዋል» አለች እናቷ፣ እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

«በዚህ ሰዓት?»

«ምን ያድርጉ? ቁርሳቸውን ቀመስ አደረጉና መልሰው ጋደም አሉ። እንደ ሕፃን ሆነዋል እኮ የኔ ልጅ። የትኛው ሕፃን ደግሞ እንዲህ ይተኛል! አንቺማ ስታለቅሺ ነበር የምታነጊው።»

«ዛሬም አንዳንዶቹን ተክሎች ልቀይራቸው ነው የመጣሁት።»

«ምን አለ እኔንም አንድ ቀን እንደነሱ በአዲስ ብትቀይሪኝ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋም ያለወትሮው አፏን በእጇ ሳትሸፍን፣ ጥርሷን ሳትደብቅ ነበር።

አባትየው ከዳኝነት በጡረታ ሲገለሉ ችሎቱን ወደ ቤት ይዘው የመጡ ሰው ነበሩ። በር ለምን ጮኸ፣ ጋዜጣው ለምን ታጠፈ፣ ለምን ሳቃችሁ፣ ለምን ዝም አላችሁ፤ ለሁሉም ክስ አለ፣ ለክሱም ፍርድ አለ፣ ይግባኝ ግን የለም። በዳኝነቱ ዘመንም ቢሆን ቤቱ ያው ነበር። ልጆች ሳሉ እሷና ታላቅ ወንድሟ በስውር «ነጎድጓድ» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወንድምየው ከአጥሩ ሥር ቆሞ «ደመናው እንዴት ነው?» ይላታል፤ እሷ በቁልፉ ቀዳዳ አጮልቃ አይታ «ጠቁሯል» ስትለው ሁለቱም ዞረው በጓሮ ይገባሉ። ያ ልጅ አድጎ ጠበቃ ሆነ። አባቱ ፊት ራሱን ሲከላከል ያደገ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል፣ እያለ ራሱ ይቀልድበታል፤ ያልረታሁት ጉዳይ የራሴ ብቻ ነው ይላል።

ታዲያ አባትየው በአንድ ጠፍቶ በተገኘ መነጽር የተነሣ ደማቸው ፈልቶ ከወንበራቸው የወደቁ ዕለት፣ የልብ ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ካበቃ በኋላ እናትየውንና ልጆቹን ለብቻ ጠራቸው። «እኚህ ሰው እንዲህ ያለ ቁጣ ከደገማቸው አይተርፉልንም። ክኒኑ ብቻውን አያድናቸውም። የሚረጉበት ቦታ ፈልጉላቸው» አለ።

ቦታውን የሠራችው ንድፍ አውጪዋ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ለባዕድ ስትሠራ የኖረችውን ክፍል በስተመጨረሻ ለአባቷ ሠራች ማለት ይቻላል። ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለውን፣ ወደ አትክልቱ የሚያየውን የድሮ የመጻሕፍት ክፍል ባዶ አስቀረችው። አዲስ የተሠራ ነገር እንዳይገባበት ማለች። ግድግዳውን እስከ ትከሻ ድረስ በጭድና በጭቃ አስለሰነችው፤ ከዚያ በላይና ጣሪያውን ግን ከከተማው ዳር ከፈረሰ አንድ የጥንት መጋዘን በመጡ ሳንቃዎች አለበሰችው። ሳንቃዎቹን ስታያቸው ልቧ ነበር የደነገጠው፤ መልካቸው የጠቆረ ማር፣ ጠርዛቸው የሰላ፣ ይህን ያህል ዘመን ቆመው ምስጥ ያልደፈራቸው። አስልጣ፣ የተልባ ዘይትና ሰም አስቀብታ ስትጨርስ ክፍሉ ከውስጥ የሚበራ መሰለ። መጋረጃው የቡና ጆንያ ነበር፣ ምንጣፉ ሳጠራ። የሚከፈቱትን መስኮቶች አስነቅላ በአንድ ሰፊ መስታወት ተካቻቸው፤ የመስታወቱን ዙሪያና የበሩን ክፈፍ ደግሞ የመኪና ጥሩምባ እንኳ እንዳያልፍ በተጠቀጠቀ የበግ ጠጉር ደፈነችው። በመጨረሻም አረንጓዴውን አስገባች፤ ከጣሪያ የሚወርድ ሐረግ፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ቅጠሉ እንደ ዝሆን ጆሮ የሚንጠለጠል። በሩ ሲዘጋ ሰው የራሱን ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

አባቷ መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆመው ምርኩዛቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩና «መሐንዲሷ! የእህል ጎተራ ሠርተሽ ልትከቺኝ ነው?» አሉ። መሐንዲስ እንዳልሆነች ስለሚያውቁ ነበር ስሙን ያወጡላት። ቢሆንም ገቡ፤ ተኙበትም፤ ከዚያም በኋላ ብዙም አልወጡም።

ሠርቶላታል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በወትሮው ጩኸት አለፉ፤ ከዚያ ድምፃቸው በቀን በቀን እየቀለለ፣ ንግግራቸው እያጠረ ሄደ። የተቃወሙት ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ «ይሁን» ሆነ። ሾርባው ቀዝቅዟል፤ ይሁን። ጋዜጣው አልመጣም፤ ይሁን። ወንድምየው ሲጎበኛቸው ከክፍሉ በእግሩ ጫፍ እየተራመደ ወጥቶ «እህቴ፣ ችሎቱን እኮ ዘጋሽው! ለሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው የምጠቁምሽ» አላት። እናቷ ከጎረቤት ጋር ወጥታ መመለስ ጀመረች፤ ለረጅም ዘመን ተቆልፎ የኖረ ቀሚስ አውጥታ ለበሰች። ንድፍ አውጪዋም ማታ ማታ ስትተኛ፣ ከአባቷ አፍ ሰምታው የማታውቀውን ምስጋና ቤቱ ራሱ የሚነግራት ይመስላት ነበር።

እነሆ በዚያ ጠዋት የክፍሉን በር ገፋ አድርጋ ገባች። ከበሩ ጀርባ ሞቃት አየር ፊቷን ዳሰሰው፤ የሰም ሽታ፣ ከሰሙም ሥር አንድ ጣፈጥ የሚል፣ ተከድኖ የኖረ የመድኃኒት ሣጥን ሲከፈት የሚሸት ዓይነት ሽታ። የሐረጉ ቅጠሎች ጠርዛቸው ክብሪት እንደነካው ጠቁሮ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች አንገታቸውን ደፍተዋል። ባለፈው ያመጣቻቸው ናቸው እኮ፣ አለች በልቧ፤ እጇ ግን በለመደው ፍጥነት ሥራውን ጀምሮ ነበር፤ የታመመውን ታነሣለች፣ ጤነኛውን ትተክላለች፣ አፈሩን በጣቷ ታስተካክላለች። በመስታወቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ የዝንብ ዘር አልነበረም። በጣሪያው ማዕዘን አንድ የሸረሪት ድር አልነበረም። እናቷ ይህንንም በኩራት ነበር የምታወራው፤ ዝንብ እንኳ የማይደፍረው ክፍል!

«አንቺ ነሽ?»

ዞረች። አባቷ ዓይናቸውን ገልጠዋል። አንገታቸው በሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ቀጥኖ፣ የሰው ሸሚዝ የለበሱ ይመስላሉ። ግንባራቸው በላብ ወዝቷል።

«እኔ ነኝ አባባ። እንዴት አደሩ? ተክሎቹን ልቀይር መጥቼ ነው።»

«ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም።»

ትንሽ አሰቡ፤ ወይም ያሰቡ መሰሉ። የድሮው ዳኛ ቢሆኑ ኖሮ ከአልጋው ቀና ብለው «ምንም ካልሆኑ ለምን ይቀየራሉ? መልሺ!» ይሏት ነበር፤ እሷም እንደ ልጅነቷ ተንተባትባ መልስ ስታጣ፣ መልስ ማጣቷ ራሱ ወደ አንድ ነገር ይመራት ነበር። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ።

«ይሁን» አሉ።

ቃሉ ከጀርባዋ እየተከተላት ወጣች።

ማገገሚያው ውስጥ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሕሙማኑን በየመደርደሪያቸው ስትደረድር፣ እስከዚያች ቀን ያላየችውን አየች። ማየትስ አይታው ነበር፤ ልብ ብላ አላየችውም እንጂ። ከሆቴሉ የመጡት ሥራቸው በውኃ ብዛት የበሰበሰ ነው፤ ከሐኪም ቤቱ የመጡት ብርሃን አጥተው የገረጡ ናቸው። ከእነዚህ ከፊሉ ይድናል፣ ከፊሉ ይሞታል። ከአባቷ ክፍል የመጡት ግን ሕመማቸው አንድ ነው፤ ሐረጉም፣ ሰይፉም፣ የዝሆን ጆሮውም በአንድ እጅ እንደተለበለቡ ጠርዛቸው ጠቁሯል። ደግሞም ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ድነዋል። መድኃኒት አልሰጠቻቸውም፤ አፈር አልቀየረችላቸውም። ከዚያ ክፍል ከመውጣታቸው በቀር የተደረገላቸው ነገር የለም።

እጇ ላይ የነበረውን ማጠጫ አስቀመጠችው።

ከሳንቃው የተረፉ ቁርጥራጮች በወርክሾፗ ጥግ ነበሩ፤ የምትጥለው ነገር የለምና። አንዱን ቁራጭ ከለምለም ችግኝ ጋር በትልቅ የመስታወት ገንቦ ከደነችው፤ ሌላ ገንቦ ውስጥ ደግሞ ያንኑ የመሰለ ችግኝ ለብቻው አስቀመጠች። ሁለቱንም ጎን ለጎን ፀሐይ በሚያገኙበት አኖረቻቸው። በየጠዋቱ ሄዳ ታያቸዋለች፤ ባየች ቁጥር ምንም ባላገኝ እያለች ትጸልያለች። ሳምንቱ ሳያልቅ ለብቻው የተቀመጠው አዲስ ቅጠል አወጣ። ከሳንቃው ጋር የተከደነው ጠርዙ ጠቁሮ፣ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ አንገቱን ደፋ። ክዳኑን ስታነሣው ያ የመድኃኒት ሣጥን ሽታ ወጣ፤ የአባቷ ክፍል ሽታ።

ሳንቃውን የሸጠላትን ነጋዴ ደወለችለት።

«ይህ እንጨት መድኃኒት ነክቶት ያውቃል?»

«መንካት?» ሰውየው ሳቀ። «መድኃኒት ጠጥቶ ያደገ እንጨት ነው እንጂ! መጋዘኑ ቆሞ ሳለ ምስጥ እንዳይገባበት በየጊዜው በበርሜል ነበር የሚያጠጡት። ለዚያ አይደል እንዲህ የሚያምረው? ምነው፣ ተጨማሪ ፈለግሽ እንዴ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እመቤቴ፣ ምስጥ በልቶት ያውቃል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ አያውቅም አልኩሽ። ዋሸሁ?»

አልዋሸም። የእንጨቱን ጤንነት ነበር የጠየቀችው። እንጨቱ ለምን ጤነኛ እንደሆነ መጠየቅ ግን ለአፍታ እንኳ ትዝ አላላትም። ከዚያም የባሰ ነበር ቀጥሎ የመጣባት፤ እንጨቱ ካጠፋው ይልቅ እሷ ያጠፋችው። ተክሎቹ እኮ ተናግረው ነበር። በየጊዜው፣ አንድ በአንድ፣ ቃላቸውን ሳያጥፉ መስክረው ነበር፤ እሷ ግን ምስክሩ አፉን በከፈተ ቁጥር ብድግ አድርጋ አውጥታ፣ ገና ምንም ያላየ ሌላ ምስክር በቦታው ስታቆም ከረመች። ባትቀይራቸው ኖሮ ክፍሉ ገና በመጀመሪያው ወር የሙት ቅጠል መጣያ ይመስል ነበር፤ አባቷንም አንድ ሰው፣ ማንም ቢሆን፣ ከዚያ ያወጣቸው ነበር።

በማግሥቱ ወላጆቿ ቤት ስትደርስ ወንድሟም ሳሎኑ ውስጥ ነበር፤ ልታናግራቸው እንደምትፈልግ አስቀድማ ነግራዋለች። እናቷ ከጎኑ ተቀምጣለች። የክፍሉ በር ዝግ ነው። ንድፍ አውጪዋ ስለ ሳንቃው፣ ስለ ገንቦዎቹ፣ ስለ ነጋዴው ቃል ሳታስቀር ነገረቻቸው። ስትጨርስ በሁለቱም ፊት ላይ ድንጋጤ አላየችም። ያስፈራትም ይኸው ነበር።

«አባባን ዛሬውኑ ከዚያ እናውጣቸው» አለች።

ወንድሟ አገጩን አሻሸ። «ቀስ በይ እስቲ፣ እህቴ። ሰው በዚህ ዕድሜ ይደክማል። ድካም ሁሉ መርዝ አይደለም።»

«ችግኙስ? ችግኙም አርጅቶ ነው?»

«ምንድን ነው የምትዪን ታዲያ? ከዚያ ወጥተው ሲቆጡ ልባቸው ቀጥ ይላል፤ እዚያ ሲረጉ መርዝ ይገድላቸዋል። ሐኪሙ ያለውን አብረን ነው የሰማነው። ሁለቱም ሞት ከሆነ፣ ቢያንስ እዚያ...»

«ቢያንስ እዚያ ምን?»

ጠበቃው ዓይኑን ወደ ምንጣፉ መለሰ።

«ቢያንስ እዚያ ሲሆኑ እኛም እንኖራለን» አለች እናቷ።

ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር። ሽርጧን ጭኗ ላይ እያስተካከለች ቀጠለች።

«የኔ ልጅ፣ የውኃ ቧንቧው ፈንድቶ ወንድምሽ ዘንድ የሰነበቱ ጊዜ ትዝ ይልሻል?»

«እዚያ ስላልተመቻቸው ቶሎ ተመለሱ አላችሁኝ።»

«ተመችቷቸዋል እንጂ! ፊታቸው መለስ አለ፣ ምግብ በሉ። ከዚያ በአንዱ ጠዋት በልጅ ልጃቸው ላይ ጮኹ፤ ትንሿ ልጅ ከጠረጴዛ ሥር ገብታ አልወጣ አለች። ሳህን ወረወሩ። ወንድምሽ በዚያው ቀን ይዟቸው መጣ። ወደ ክፍላቸው አስገባኋቸው፣ በሩን ዘጋሁ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ዝም አሉ።»

ንድፍ አውጪዋ ወንድሟን አየችው። ቀና አላለም።

«ታውቁ ነበር» አለች።

«ምን አውቄ?» አለች እናቷ። «እኔ ስለ እንጨት ምን አውቃለሁ? እዚያ ሲገቡ እንደሚረጉ፣ ሲወጡ እንደሚነሣባቸው አየሁ። ክፍሉ የተሠራው ለዚህ አልነበረም እንዴ? ያዘዝሽኝን አደረግሁ። በሩ ተዘግቶ ይቆይ አልሽ፤ ዘጋሁ።»

«እማዬ፣ እየሞቱ ነው እኮ!»

«እኔስ?» አለች እናቷ፤ ከዚያም የተናገረችው እሷ ራሷ መሆኗን የተጠራጠረች ይመስል እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ንድፍ አውጪዋ ተነሥታ በሩን ከፈተችው። ሽማግሌው በወንበራቸው ተቀምጠው ወደ መስታወቱ ያያሉ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው አትክልት ውስጥ ነፋስ ዛፉን ያወዛውዘዋል፤ ድምፁ ግን አይገባም። «አባባ፣ ይነሡ፣ እኔ ዘንድ እንሂድ» አለቻቸው። ይሁን አሉ። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ስታደርገው ክብደት አልነበረውም፤ ልጅ ሳለች ያ እጅ ጠረጴዛ ሲመታ ብርጭቆ ይዘል ነበር። ወንድሟ ከብዙ ማመንታት በኋላ መጥቶ በሌላው በኩል ደገፋቸው። እናቷ የሚለብሱትን ካፖርት አቀበለች፤ ቁልፎቹንም አስተካክላ ቆለፈችላቸው፤ ፊታቸውን ግን አላየችም።

ሐኪሙ ደማቸውን አስመርምሮ ራሱን ነቀነቀ። ዳግመኛ ወደዚያ ክፍል እንዳይመለሱ፣ መርዙ ከደማቸው መውጣቱ የጊዜ ጉዳይ እንደሆነ ነገራት። ቁጣቸውን በሚመለከት አዲስ ክኒን ጨመረ፤ ተስፋ ግን አልጨመረም። ንድፍ አውጪዋ መኝታ ቤቷን ለቀቀችላቸው፤ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች፤ አንድም ተክል አላስገባችም። አባቷ ቀስ በቀስ ከሩቅ አገር እንደሚመለስ ሰው ተመለሱ። መጀመሪያ ላቡ ቀረ። ቀጥሎ የምግብ ፍላጎት መጣ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሻይ ይዛላቸው ስትገባ ብርጭቆውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ቅንድባቸው እንደ ጥንቱ ተሰበሰበ።

«ይህን ሻይ ብለሽ ነው ያመጣሽው? መሐንዲሷ! ሻይ ማፍላት ያላወቀች ቤት ትሠራለች አሉ!»

ዓይኗ እንባ ሞላ። የደስታ ይሁን የድሮው ፍርሃት መለየት ተሳናት። ከዚያች ጠዋት በኋላ ነጎድጓዱ አልተቋረጠም። ጎረቤት ግድግዳውን እየደበደበ ያማርራል። እሷም በየሥራዋ መካከል ስልኳ በጮኸ ቁጥር ይኸው ዛሬ ተቆጥተው ወደቁ የሚል ድምፅ ትጠብቃለች።

ክፍሉን ልታፈርስ አስባ አናጢ ጠራች፤ አናጢው እናትየው ቤት የሉም ተብሎ ተመለሰ። ደግማ ላከችው፤ ዛሬ አይመችም ተባለ። ወንድሟ ደወለላት፤ ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም።

«እማዬ ቁልፉን አትሰጥም» አላት። «ሄደሽ ብታያት ይሻላል። እኔን እሺ አላለችኝም።»

መፈልቀቂያ ብረቷን ይዛ ሄደች። ማድ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ምድጃው ቀዝቅዟል። የክፍሉን በር ስትገፋው ከውስጥ አልተቆለፈም። እናቷ ልብሷን እንደለበሰች በአባቷ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች፤ ያ ከቁልፍ የወጣው ቀሚስ ወገቡ ላይ ሰፍቷታል። በየሸክላው የቆሙት ተክሎች ማንም የሚቀይራቸው ስላጡ ጠቁረው፣ ተጠቅልለው ወለሉን በቅጠል ሞልተውታል። እናቷ በቅጠሎቹ መካከል የምትሄድበትን ቀጭን መንገድ ጠርጋ ነበር።

«እማዬ!»

«የኔ ልጅ ነሽ?» እናቷ ዓይኗን ገልጣ ፈገግ አለች። ግንባሯ ወዝቷል። «አባትሽ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ይጮሃሉ።»

«ተመስገን» አለች፤ ከልቧ ነበር ያለችው። «ይጩሁ። እኔ እዚህ ትንሽ ልረፍ።»

«እማዬ፣ ይህ ክፍል እንደማይሆን ነግሬሻለሁ። ተነሺ። ሌላ ክፍል እሠራልሻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ፣ ንጹሕ የሆነ።»

«ሌላው ክፍል እሳቸው ሲመለሱ ጩኸታቸው ይሰማል። የማይሰማው እዚህ ነው።»

«አይመለሱም። እኔ ዘንድ ይቆያሉ።»

«እስከ መቼ?» አለች እናቷ።

ንድፍ አውጪዋ በሩን እስከ መጨረሻው ወለል አድርጋ ከፈተች። ከዚያም መፈልቀቂያውን አንሥታ ሰፊው መስታወት ላይ አሳረፈችው፤ አየሩ፣ ከአየሩም ጋር መንገዱ፣ ጥሩምባው፣ የሰው ሁሉ ድምፅ እንደ ውኃ ገባ። የብረቱን ስለት በመጀመሪያው ሳንቃና በግድግዳው መካከል አስገብታ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ምስማሩ ከእንጨቱ ሲነቀል የቆሰለ እንስሳ ጩኸት ጮኸ።

እናቷ አልከለከለቻትም። ከአልጋው ሳትነሣ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰበሰበች፤ ሁለት እጇን ጆሮዎቿ ላይ ደፋች፤ ዓይኗንም ጨፍና፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ እስኪያልፍ መጠበቅ ጀመረች። ንድፍ አውጪዋ አየቻት። ከዚያ ፊቷን መልሳ ብረቱን ሁለተኛው ሳንቃ ሥር አስገባች።